ሃያኛው ፎቶ

ጥቅምት 12

ለእትዬ፣ ጠመኔውን ከእጅሽ አራግፈሽ ክፈቺው፤

«በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት» እንዳትዪኝ፣ ሕጉን ያወጣሽው ራስሽ ነሽ። «በስልክ ስታወሪ ትሮጪብኛለሽ፤ ወረቀት ከያዝሽ ግን የግድሽን ትቀመጫለሽ» ብለሽኝ የለ? ይኸው ተቀምጫለሁ። አንዱ እግሬ ወንበሩ ላይ ታጥፏል፣ ሌላው ወለሉን እየደበደበ ነው፤ ቢሆንም ተቀምጫለሁ። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ የላይኛዋ፣ ከኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የዶርም ጓደኛዬ፣ ሻይ ደፋችበት። እሺ፣ ሁለቱን እሷ፣ አንዱን እኔ።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፣ ሥራ ይዣለሁ። አይ፣ ትምህርቴን አይነካብኝም፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ክፍል የሚገባው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ድርጅቱ ኃይል ሰጪ መጠጥ ያመርታል። በቢጫ ጣሳ ስለሚመጣ ግቢው ውስጥ ሁሉም «ቢጫው» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ የግቢው አምባሳደር ተብያለሁ። አትሳቂ። አምባሳደር ማለት ቢጫ ቲሸርት ለብሰሽ፣ በረዶ የተሞላ ሳጥን በትከሻሽ አንግተሽ፣ ከላይብረሪ ደጃፍ ወደ ካፍቴሪያ፣ ከካፍቴሪያ ወደ ላብራቶሪ እየዞርሽ፣ ትናንት አጠገብሽ ተቀምጣ የተፈተነችውን ልጅ ጭራሽ እንደማታውቂያት «ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?» ብለሽ መጠየቅ ነው። አንዱ መምህራችን ሳጥኑን አይቶ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ የመጣሽው ልትማሪ ነው ልትነግጂ?» አለኝ። «ሁለቱንም መምህር፤ ለርስዎ በጣም የቀዘቀዘ አለኝ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከባዱ ፎቶው ነው። በየሳምንቱ አርብ ሃያ ፎቶ እናስረክባለን። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ሰው ጣሳ ይዞ መሳቅ አለበት፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ የዞረ፣ ጥርስ የሚታይ። ከንፈር ገጥሞ ፈገግ ማለት አይቆጠርም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ደግሞ ፎቶ የተነሳው ሰው የፈቀደበት ቅጽ አለ፤ ስም፣ ሥራ፣ ፊርማ። ሃያ ፎቶ፣ ሃያ ቅጽ። አሥራ ዘጠኝ ይዘሽ ከሄድሽ ሳምንቱን እንዳልሠራሽ ነው የሚታየው፤ ሁለት ሳምንት ከጎደለብሽ ቲሸርቱን ትመልሻለሽ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ነበር የሚነሳው። አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ጆሯቸውን ይዘው ይሻገራሉ።

ግን ስሚኝ። የኛ አስተባባሪ፣ ሁሉንም ግቢ የምትቆጣጠረው ሴትዮ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጥሩ የሠራ ተመራቂ በቀጥታ ዋናው መሥሪያ ቤት ይቀጠራል ብላለች። በቀጥታ። ከኛ ትምህርት ክፍል አምና የተመረቁትን አያቸዋለሁ፤ ዛሬም ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። እኔ እንደነሱ መቆም አልችልም፣ እትዬ። መቀመጥ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ መቆም ደግሞ ይብሳል።

ይልቅ አንቺ ለሥራ ባልደረቦችሽ ጥቂት ጣሳ ብልክልሽ ታከፋፍዪልኛለሽ? ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሹፌር እሱንም በነጻ ያደርስልኛል።

ያንቺዋ ቀዥቃዣ

---

ጥቅምት 25

ለቀዥቃዣዋ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሻዩም ደርሶኛል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ።

አልተቆጣሁም። ሥራ መያዝሽ ደስ ብሎኛል። ቢጫ እንደማይስማማሽ ግን አሁንም እነግርሻለሁ።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሴ አይሆንም ነው። ጣሳ አትላኪልኝ። መጠጡን ጠልቼው አይደለም፣ ቀምሼውም አላውቅ። አንድ መምህር ይህ ነገር ጥሩ ነው ካለ ልጆች ያምኑታል፤ ስለዚህ መምህር ቶሎ ብሎ ጥሩ ነው አይልም። የኔ ሥራ ይኼው ነው፣ ሌላው ጠመኔ ብቻ ነው።

ተማሪዎቼን ባትጠይቂም ደህና ናቸው። ከአንደኛ ክፍል ይዣቸው የመጣሁት አርባ አንዱ ዘንድሮ አራተኛ ገብተዋል። ርዕሰ መምህሩ እስከ ስምንተኛ እኔው እንዳደርሳቸው ፈቅዶልኛል። በትምህርት ቤታችን ይህ ለማንም ተፈቅዶ አያውቅም፤ ደስታዬን ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ለአከራዬ ነገርኳት። «ስምንት ዓመት ሙሉ ያው ልጆች? አይሰለቹሽም?» አለችኝ። አንቺን ሃያ ሁለት ዓመት እንደቻልኩ ረስታ ነው።

በሚቀጥለው ወር ለአንድ ቀን ሥልጠና ወዳንቺ ከተማ እመጣለሁ። የግቢው በር ላይ ጠብቂኝ። የጫማሽን ክር አስረሽ።

እትዬ

---

ኅዳር 20

ለእትዬ፣ በሰላም ለገባሽው፤

መግባትሽን ሹፌሩ ነገረኝ። መንገድ ላይ እንዳላወራሽው፣ የተማሪ ደብተር ስታርሚ እንደነበር፣ አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ቀዩ እርሳስሽ የጎረቤትሽን ሱሪ እንዳረመ ጭምር ነው የነገረኝ። ሹፌር የሚባል ሰው ምንም አያመልጠውም።

ከሄድሽ ጀምሮ ግቢው ጠቦኛል። የላይኛዋ «እህትሽ ስትናገር ሰው ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል» ትላለች። እሷ ራሷ ለሁለት ቀን አልጋዋን አንጥፋ ነበር።

ፎቶው ጥሩ ወጥቷል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በጣም ጥሩ ወጥቷል። በሩ ላይ ጫማዬን እስካስር ጣሳውን «ያዢልኝ» ብዬ ሰጥቼሽ፣ ጥበቃው «ልጅሽ ናት?» ሲልሽ፣ «አይ፣ የቤት ሥራዬ ናት» ብለሽ በራስሽ ቀልድ የሳቅሽው ነው። ከታች ሆኜ ስላነሳሁሽ ረጅም መስለሻል። ጥርስሽ ሁሉ ይታያል። እንዲህ ስትስቂ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ የለንም፣ ፈልጌ ነበር።

ሥራው? ያን ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ላይ ተገትሬ ነበር፣ ከዚያ በፊት የነበረውም ሳምንት ጎድሎብኝ ነበር። አሁን ሞልቷል። ስለ ፎቶው አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረ፣ ግን ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ነው። ሌላ ጊዜ።

ያንቺዋ

---

ጥር 8

ለእትዬ፤

የጠፋሁት በፈተናና በሩጫ ነው፤ ሰባት ሳምንት ዝም ያልኩት ሌላ ነገር ኖሮ አይደለም። ይልቅ ዜና አለኝ፣ ቁጭ በዪ።

ከሁሉም ግቢ ከተሰበሰበው ፎቶ አንዱ ተመረጠ፣ እሱም የኔ ነው። በየከተማው ሊሰቀል ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። በሩ ሙሉ መስታወት ስለሆነ መኖሩን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ሳታስበው ሳቀች፣ ከዚያ ውሃ አመጣችልኝ። አስተባባሪዋ በሰው ፊት ትከሻዬን ይዛ «ይህች ልጅ ዓይን አላት» አለች። ለብቻችን ስንሆን ደግሞ የምቀመጥበትን ጠረጴዛ አሳየችኝ። እውነት ነው የምልሽ፣ ጠረጴዛው አለ፤ መስኮት አጠገብ ነው፣ መሳቢያው ይቆለፋል። ከሰኔ በኋላ የኔ ነው። ሰኔ ምን ያህል ይርቃል! ዛሬ ጠዋት ሦስቴ ቆጠርኩት።

የፎቶው ሰውዬ ማን ነው ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። አንዲት ሴት ናት። ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ያንቺዋ ባለ ጠረጴዛ

---

የካቲት 3

ለቀዥቃዣዬ፤

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ራሴን አገኘሁት።

ሁለት ፎቅ እሆናለሁ። ጥርሴ የቤት በር ያህላል። በስተግራ ያለውን የተሸረፈውን ጥርሴን ሞልተውልኛል፤ ሐኪም ያልቻለውን እነሱ ቻሉ። ከሥሬ «መምህራችን የነቃችው በዚህ ነው» ይላል። እዚያው ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ከኔ ጋር የቆመ አንድ ሽማግሌ እኔንም ግድግዳውንም አየና «እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት።

አከራዬ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ምነው ደበቅሽን» ብላ ተቀይማኛለች።

ፎቶው ከየት እንደወጣ አውቃለሁ። የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው፦ በኔ ስም ማን ፈቀደ? እየሮጥሽ አትመልሺልኝ። ተቀመጪና መልሺ።

እትዬ

---

የካቲት 9

ለእትዬ፤

ይቅር በይኝ። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ኋላ ወሬ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ።

ሃያኛው ጎደለኝ። አርብ ነበር፣ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ግቢው ውስጥ ያልለመንኩት ሰው አልነበረም። የሁለት ሳምንት ጉድለት ቲሸርቱን ያስመልሳል ብዬሽ ነበር። ስልኬን ስከፍት አንቺ ነሽ፤ ጣሳው በእጅሽ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ፣ ጥርስሽ ሁሉ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ መሀል ማን ያየዋል አልኩ። ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር፣ ስለዚህ አልጠየቅሁሽም። ሲመረጥ ልናገር ነበር፤ ግን ጠረጴዛውን አሳዩኝ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ቅጹን የሚሞላው ቢሮው ነው። እንዴት እንደሞሉት እኔ ብዙም አላውቅም።

እንዲያወርዱት አስተባባሪዋን ለመንኳት። «ስድስት ወር ተከራይተነዋል፤ ደግሞ ታምራለች እኮ፣ ምን አስከፋት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ታምሪያለሽ። ይህ ምንም እንደማያቃልል ገብቶኛል።

ያንቺዋ

---

የካቲት 24

ለቀዥቃዣዋ፤

ስለ ቅጹ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ስድስት ዴስክ ላይ ስድስት ቢጫ ጣሳ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ይህን ማን ፈቀደላችሁ?» አልኩ።

«እርስዎ ይጠጡ የለ እንዴ ቲቸር?» አለችኝ ከፊት የምትቀመጠው፣ ያቺ እርሳስ የምትበላው።

«እኔ አልጠጣም።»

«ታዲያ ግድግዳው ላይ ምን ይዘው ነው የሚስቁት?»

ጣሳዎቹን ሰብስቤ ቆለፍኩባቸው። ረቡዕ ግን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት ሁለት ጣሳ ከቤቷ ጠጥታ መጣች። ሩጫውን አንደኛ ወጣች። ከዚያ እርሳስ መያዝ አቃታት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያ ሁለመናዋ፣ ከዚያ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ድረስ ተሸክሜ ወሰድኳት። ልቧ በጣቶቼ ሥር ይሮጥ ነበር። አሁን ድናለች፣ ትናንትም እርሳሷን ስትበላ አይቻታለሁ፤ አትደንግጪ። አባቷ ግን ትምህርት ቤት መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዬን በስልኩ አሳይቶኝ ሄደ።

መምህር በንግድ ማስታወቂያ ላይ መውጣቱ በደንባችን የተከለከለ ነው። ሐሙስ ለዲሲፕሊን ጉባኤው ተጠርቻለሁ። «አልፈቀድኩም» እላለሁ፤ እውነቱም እሱ ነው። እነሱም ድርጅቱ የፈቃድ ወረቀቱን እንዲልክ ጠይቀዋል። ወረቀቱ ሲመጣ ነገሩ ይለያል።

አንቺ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ጨርሺ።

እትዬ

---

የካቲት 29

እትዬ፣

ወረቀቱ መጣ? ገና ከሆነ እንዳታዪው። ማለቴ፣ ከማየትሽ በፊት ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ። አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ቀደድኩት፤ የዚህ ጊዜ ሻይ የደፋ የለም። ልጅቷስ? እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል? ሹፌሩ ሊወጣ ነው። መልሺልኝ፣ ባትፈልጊም መልሺልኝ።

---

መጋቢት 10

ለቀዥቃዣዬ፤

ጉባኤው አልፏል። ሁሉም ደህና ነው።

ለጊዜው ክፍሉን ለሌላ መምህር አስረክቤ መጋዘን ውስጥ የተቀደዱ መጻሕፍት እለጥፋለሁ። ሙጫ ጥሩ ነገር ነው፤ አይጠይቅም። መጋዘኑ አንድ መስኮት አለው። በእረፍት ሰዓት አርባ አንዱም መጥተው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ፤ አንቺን አስታወሱኝ።

ስለ ወረቀቱ አትጠይቂኝ። አልቋል። ተመረቂ።

እትዬ

---

መጋቢት 27

ለእትዬ፤

አስተባባሪዋ ነገረችኝ። መልካም ዜና መስሏት እየሳቀች ነው የነገረችኝ። «እድለኛ ነሽ፤ መምህርቷ በጉባኤ ፊት ፊርማው የኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ ብላ አረጋግጣለች። የኛም ስም ዳነ፣ ጠረጴዛሽም አለ» አለችኝ። ቆሜ ነበር። ተቀመጥኩ። ታምኛለሽ? ሰው ሳያስገድደኝ ተቀመጥኩ።

አሁን እጽፋለሁ፣ ዘንድሮ ያልጻፍኩትን። ቅጹን ቢሮው አልሞላውም። እኔ ነኝ የሞላሁት፤ ላይብረሪው ደረጃ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ። ስም የሚለው ላይ ስምሽን፣ ሥራ የሚለው ላይ መምህርት፣ ፊርማ የሚለው ላይ ፊርማሽን። አንዴም አልተሳሳትኩም። ፊርማሽን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የማውቀው። እናታችን ከሞተች በኋላ የውጤት ካርዴ ላይ ወላጅ በሚለው ቦታ የምትፈርሚው አንቺ ነበርሽ፤ ሒሳብ የወደቅሁ ጊዜ ካርዱን ላሳይሽ ፈርቼ የሒሳብ ደብተሬን ሁለት ገጽ ሙሉ ተለማምጄ ራሴ ፈረምኩት። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። የገዛ ፊርማዬን እንኳን እንደሱ አላውቀውም።

አንቺ ክፍልሽን ትተሽ ሙጫ የያዝሽው እኔ እንድመረቅ ነው። እኔ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ልቀመጥ? መሳቢያው ውስጥ ምን እቆልፍበታለሁ?

ከዚህ ጋር ያለው የደብዳቤ ቅጂ ነው። ዋናውን ለርዕሰ መምህሩ ትናንት ልኬዋለሁ፤ አንቺ እንዳታስቀሪው ብዬ ነው ያስቀደምኩት። አንዱን ለድርጅቱ ሰጥቻለሁ፣ አንዱን ለዲኑ ራሴ ወስጃለሁ።

«ለክቡር ርዕሰ መምህር፤ በድርጅቱ የፈቃድ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የመምህርቷ አይደለም። እኔ ታናሽ እህቷ አስመስዬ የፈረምኩት ነው። ፎቶውን የተነሳችውም ለማስታወሻ መስሏት ነው። ጣሳውን የያዘችው የጫማዬን ክር እስካስር ነው። ቀምሳው አታውቅም። በጉባኤ ፊት የኔ ነው ያለችው እኔን ለመሸፈን ነው። ከተጠየቅሁ መጥቼ በፊታችሁ እፈርማለሁ፤ ሁለቱንም ፊርማ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። የታመመችውን ተማሪና አባቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቲሸርቱን አጥቤ መልሻለሁ። አስተባባሪዋ «በአንዲት ፊርማ? ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለችኝ። ከዚያ በመስታወቱ በር ወጣሁ፤ ዛሬስ አይቼው ነበር።

ያንቺዋ

---

ሚያዝያ 14

ለእህቴ፤

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤሽን መምህራን ክፍል ውስጥ እጄ ላይ ሰጠኝና ወጣ። ከልማድ ቀይ እርሳስ ይዤ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ የተገደፈች አንዲት ፊደል አርሜ፣ አራተኛው ላይ ስደርስ ምን እያነበብኩ እንደሆነ ገባኝ። እርሳሱን አስቀመጥኩት። እርማቷ አሁንም ማኅደሩ ውስጥ አለች።

ለመጠየቅ የፈራሽውን አንድ ነገር እመልስልሻለሁ። አዎ፣ ወረቀቱን ገና ሲያሳዩኝ ነው ያወቅሁሽ። የኔ ፊርማ ጅራቱ ከመስመሩ ይወርዳል፤ ያንቺው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከኔ ይልቅ አሳምረሽ ነው የምትፈርሚልኝ። የስድስተኛ ክፍሉንም ያኔውኑ አውቄ ነበር። ልጠይቅሽ ሲገባኝ ዝም ያልኩት ያን ቀን ነው፣ በጉባኤው አይደለም። ያን ቀን ካርዱን ይዤ «ይህን ማን ፈረመ?» ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ብዬ መጽሐፍ ስለጥፍ ብዙ አስቤያለሁ።

በጉባኤው «የኔ ነው» ስል አንድ ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ስለመዋሸት ስንት ጊዜ ቀጥቻቸዋለሁ።

ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ጉባኤው ማስታወቂያውን ይቅር ብሎኛል፣ ውሸቱን ግን አላለፈኝም፤ ልክ ናቸው። እስከ ስምንተኛ ማድረሱ ቀርቷል። መስከረም ላይ ሌላ መምህር ይረከባቸዋል። እስከ ሰኔ ግን የኔ ናቸው። እርሳስ በላይቷ «ታዲያ ካልጠጡት ለምን ያን ያህል ሳቁ?» አለችኝ። «እህቴ ጫማዋን ስታስር ሳያት» አልኳት። አመነችኝ። ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽም፤ አንዴ ዋሽቼ የሆንኩትን አይተሻል። ይቅርታሽን ግን ተቀብያለሁ። ቶሎ ብለሽ እንዳትረሺው ብቻ። አንቺ ሁሉን ነገር ቶሎ ነው።

በግድግዳው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ለጥፈውብኛል። ዝናብ ሲመታው ጥጉ ይነሳና አገጬ ብቅ ይላል። ልጆቹ በዚያ ሲያልፉ እጅ ይነሱታል።

እትዬ

---

ሐምሌ 16

ለእትዬ፤

ምረቃው ላይ ከኋላ ቆመሽ ያጨበጨብሽው አንቺ መሆንሽን ሳላይ አውቄያለሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል፣ ክፍል ዝም ለማሰኘት እንደምታደርጊው። የዲኑ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ገብቷል፤ ዲግሪዬን ግን አላስቀረብኝም። የላይኛዋ ሥራ አግኝታ ሄደች። አልጋዋን አንጥፋ ነው የሄደችው።

እንዴት ነሽ ላልሽኝ፤ እኔም ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜያለሁ። «እንደነሱ አልቆምም» ያልኩባቸው የአምናዎቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንዷ እንዲያውም የትኛው ሰሌዳ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚለጠፍ አስጠናችኝ። ጠዋት አምስት ቦታ እዞራለሁ። ጫማዬ አልቋል፣ ክሩ ብቻ ነው ደህና የቀረው።

ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር አገኘሁ። የመማሪያ መጻሕፍት የሚያሳትም ቤት ነው፤ ወደየትምህርት ቤቱ እየዞረ መጽሐፎቹን ለመምህራን የሚያሳይ ሰው ይፈልጋሉ። አስቢው፣ ቀኑን ሙሉ መሄድ፣ እሱም ሥራ ተብሎ። መጽሐፎቹን አስቀድሜ እንዳነባቸው ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም» አሉኝ። ያላነበብኩትን ጥሩ ነው አልልም። ይህን ከማን እንደተማርኩ ታውቂያለሽ።

ቅጹን አጣጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሁሉንም ሞልቻለሁ። ከታች «ተያዥ» የሚል አለ፤ ስም፣ ሥራ፣ ፊርማ። ስምሽን አልጻፍኩም፣ ሥራሽንም አልጻፍኩም። ጸሐፊዋ «ሩቅ ከሆነች እዚሁ ጫር አድርጊው፣ ማን ሊያይ» ብላ ብዕር አቀበለችኝ። ብዕሩን ያዝኩት፣ እትዬ። እጄ ጅራቱን ሳይቀር ያውቀዋል፣ አሁን ደግሞ ከመስመሩ መውረድ እንዳለበት ጭምር አውቃለሁ። ብዕሩን መለስኩላት።

ከደብዳቤው መጨረሻ የምታዪው ጭረት የኔ ፊርማ ነው። ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። እስካሁን ወዴት መታጠፍ እንደሚፈልግ አልነገረኝም።

ማመልከቻው አርብ ይዘጋል። ሹፌሩ ነገ ማክሰኞ ወጥቶ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ጸሐፊዋ «ሰኞ ጠዋት ሳጥኑ ሳይከፈት ከደረስሽ…» ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ይከፈት አይከፈት እሷም አታውቅም። በስልክ «እሺ ፈርሚልኝ» ብትዪኝ ዛሬውኑ ያልቅ ነበር። ለዚህ ነው ያልደወልኩት። እምቢ ማለትም ትችያለሽ፤ ባዶውን ብትመልሺልኝም እቀበለዋለሁ።

ቅዳሜ መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኚኛለሽ፣ አውቶቡሱ እስኪገባ። ቁጭ ብዬ።

ታናሽሽ